አየሩን የሞላው ተራራ

በአዳራሹ ውስጥ አርባ የሚሆኑ ትንንሽ ሱቆች አሉ። ሁሉም ፊልምና ዘፈን ያለ ኢንተርኔት፣ ከስልክ ወደ ስልክ፣ በአየር ይልካሉ። ከባለሱቆቹ አንዱ «ጭምቱ» የሚሉት ወጣት ነው። ከመተላለፊያው ማዶ፣ ፊት ለፊቱ «ባለመነጽሯ» የሚሏት ወጣት ባለሱቅ ትሠራለች። ቀና ብላ ያየችው እንደሆነ በእጁ የያዘው ስልክ የማን እንደሆነ ይጠፋዋል።

ሰሞኑን ግን ቀና አትልም። የምትልካቸው ፊልሞች መሀል ላይ እየተቋረጡ፣ ደንበኞቿ እየተበሳጩ ጥለዋት ይሄዳሉ። ሐሙስ ዕለት ሱቁን የተከራየላት ታላቅ ወንድሟ መጣ።

«እስከ ቅዳሜ ካልተሻሻለ ሱቁን አስረክባለሁ። አንቺም አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ።»

አክስቷ ያሉት የአንድ ቀን መንገድ ርቀው ነው። ጭምቱ ከማዶ ሆኖ ሰማ።

ወንድሟ ሲወጣ ጭምቱን ጠራችው። «አንተ፣ ና እስቲ ይቺን እይልኝ።»

በስልኳ የአየሩን ሞገድ የሚያሳይ መተግበሪያ ከፍታለች። ዕድሜውን ሙሉ ባዶ ይመስለው የነበረው አየር ተራራ በተራራ ሆኗል። እያንዳንዱ ተራራ አንድ ስልክ ነው። ሁሉም አንድ ቻናል፣ አንድ የአየር መስመር ላይ ተጨናንቀው ይጋፋሉ።

«ይኼ ሁሉ... አሁን በመሀላችን እያለፈ ነው?» አለ ጭምቱ።

«አዎ! አንዱ ሲጮህ የሌላው አይሰማም። ያልተሰማው ደግሞ እንደገና ይልካል፤ ጭራሽ ይብሳል። ይኼን ረጅሙን አየኸው? ከመጣ ወር ሆነው። የማን እንደሆነ ባወቅሁ!»

ጭምቱ ያውቃል። ከወር በፊት ከጠረጴዛው ሥር የሲግናል ማጉያ ገጥሟል፤ ከወንበሩ ሳይነሳ ለእሷ የጻፈውን ደብዳቤ ወደ ስልኳ ሊልክ። በየቀኑ ይልካል፤ ሳይደርስ ይቋረጣል፤ እንደገና ይልካል።

ሹልክ ብሎ ቢያጠፋው ማንም አያውቅበትም ነበር። ዓይኗን እያየ መዋሸት ግን አልሆነለትም።

«የኔ ነው» አለ። «ደብዳቤ... ላንቺ ልልክ ብዬ።»

መነጽሯን አውልቃ አየችው።

«ወር ሙሉ?»

«ወር ሙሉ።»

«ስምንት እርምጃ መሻገር አቅቶህ ሱቁን ልታዘጋብኝ? ሂድ አጥፋው!»

አጠፋው። ረጅሙ ተራራ ከስልኳ ላይ ሟሟ፤ ከኋላው ግን ሌሎች ብዙ ብቅ አሉ።

አርብን አብረው ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። እያንዳንዱ የመላኪያውን ጉልበት እንዲቀንስ፣ ጎረቤታሞችም የተለያየ ቻናል እንዲይዙ ለመኑ።

«ጉልበቴን ቀንሼ ደንበኛው እንዴት ይደርሰዋል?» አሉ ስልክ ጠጋኙ ሽማግሌ።

«ጠጋ ይላላ፣ አባባ!» አለች።

«እነዚህ ደግሞ ጎጇቸውን ሳይቀልሱ አየር ያከፋፍሉናል!» ብለው ሳቁ። የጭምቱ ጆሮ ጋለ። ሽማግሌው ግን ቀነሱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ቅዳሜ ወንድሟ የሱቁን ቁልፍ ተቀብሏት፣ ሰዓቱን እያየ ቆመ። ግማሽ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ፊልም በሁለት ደቂቃ አለቀ። የጎኗ ሱቅ ፊልምም አለቀ፤ የዚያ ማዶውም። አርባ ሱቅ ባንድ ጊዜ ይልካል፣ አንዱ ሌላውን አልነካም። ወሬው ሁሉ ቆመ። ጭምቱ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ፤ ያ ሁሉ ዘፈን በራሱ ላይ እያለፈ ኮሽታ እንኳ የለም።

«ማነው ይኼን ያደረገው?» አለ ወንድሟ።

«እሱ። ወር ሙሉ ያነቀኝም እሱ ነው።»

«እና ምን ይሁን?»

«ማዶ ሆኖ አላምነውም። ጠረጴዛውን ይዞ አጠገቤ ይምጣ፤ የሚለው ካለም በአፉ ይበል።»

ወንድሟ የሱቁን ቁልፍ መልሶ በእጇ አኖረላትና እየሳቀ ወጣ። ጭምቱ ጠረጴዛውን ተሸክሞ ተሻገረ፤ ከጎኗ አስቀመጠው። ከዚያ ለእሷ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እወድሻለሁ» አላት።

«ሰማሁ» አለች።