የዱባለ አውራ ጣት

ከትናንት ወዲህ ድምፄ ስለታፈነ በጽሑፍ ልንገራችሁ። ተረት የሚመስለው ይምሰለው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እጄም አለበት...

ሐምሌ 1930፣ ሶዶ። ጨለማ እንዳይመስላችሁ፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር።

ጣሊያኖች ወደ በዴሳ መንገድ ሲያስቆርጡ እኔ የድርጅታቸው መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ማኅደር አለው። ስሙ፣ አገሩ፣ ጥፋቱ ይጻፍበታል። በየጠዋቱ መጥቶ አውራ ጣቱን በሐምራዊ ቀለም ያትምበታል።

የድንጋይ ፈላጩን የዱባለን አሻራ ከሺህ መሀል እለየዋለሁ። እንሰት ሲቆርጥ ገጀራ ስቶት ጣቱን መሀል ለመሀል ሰንጥቆታል።

በወሩ መጀመሪያ ለመንገዱ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ተናደ። ዱባለ ሥሩ ቀረ። ከተሰነጠቀው ቋጥኝ ሥር ግባ ብለው ያስገቡት አለቃዬ አቶ ተክለጻድቅ ናቸው።

በሩን ዘጉና ተጠጉኝ።

"ጠፍቷል ብለህ ጻፍ።"

"ጌታዬ... ሞቷል እኮ!"

"ሞተ ካልን ማን አስገባው ይባላል። ጻፍ!"

ጻፍኩ። እንጀራዬ ነዋ!

በድርጅቱ ደንብ ሠራተኛ ከጠፋ እስኪመለስ ድረስ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይታሰራል። ታናሽ ወንድሙን ኤርካሎን ወሰዱት። የሞተ ሰው ከየት ይመለሳል? እኔ በጻፍኳት በአንዲት ቃል ልጁ እስር ቤት ሊበሰብስ ነው።

እናታቸው በየቀኑ በራችን ላይ ትቀመጣለች።

"ልጄ ጠፋ አትበል" አለችኝ። "ድንጋይ ሥር ነው። ጠፋ ስላላችሁ ለቅሶ የሚደርሰኝ እንኳ አጣሁ።"

አልፌያት ወደ መዝገብ ቤቱ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ የዱባለን ማኅደር ከፈትኩ።

የዕለቱ አሻራ ታትሟል።

መሀሉ የተሰነጠቀ... ዳር ዳሩ ቀይ ጭቃ የነካው።

ማኅደሮቹ የሚቆለፉበት ሣጥን ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው። የማተሚያው ቀለምም እዚያው ሣጥን ውስጥ ነው።

በማግስቱም ታተመ። ከዚያ በቀጣዩ ቀን ግን ቦታው ባዶ ነበር። እፎይ አልኩ።

ማኅደሩን ስመልስ የአቶ ተክለጻድቅ ማኅደር ወደቀና ተከፈተ።

አሻራው እዚያ ነበር። ፎቶግራፋቸው ላይ... ልክ ደረታቸው ላይ።

"ዛሬ ደረቴን ከበደኝ" አሉ ከምሳ ሲመለሱ።

በማግስቱ አንገታቸው ላይ ታተመ። ድምፃቸው ተዘጋ፤ በሹክሹክታ ብቻ ያወሩ ጀመር።

ወደ ላይ እየወጣ ነው...

"ጌታዬ፣ ሞቷል ብዬ ላርመው? ኤርካሎ ይፈታ?"

"ወንድሙም እዚያው ይሙት" አሉ።

ያየሁትን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ይበላቸው! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ አሻራው አፋቸው ላይ ነበር። ሮጬ ቢሯቸው ገባሁ። ሻያቸው ይጨሳል። ወንበሩ ላይ ቀይ ጭቃ ብቻ አለ።

ማኅደራቸውን ገለጥኩ። በራሴ የእጅ ጽሑፍ "ጠፍቷል" ይላል። እኔ አልጻፍኩትም።

የዱባለን "ጠፍቷል" ሰርዤ "ሞቷል" አልኩና ለበላይ አለቃው፣ ለጣሊያኑ ካፖ ወሰድኩለት። ተሳደበ፣ አንባረቀ፣ በኋላ ግን ኤርካሎ ተፈታ። ካባውም እንዲቆፈር ታዘዘ።

ድንጋዩ ከተናደ ጀምሮ ማንም አልነካውም ነበር። የክረምቱ ሣር ማቆጥቆጥ ጀምሮበታል።

ትልቁን ቋጥኝ ሲያነሱ ኤርካሎ ጮኸ። ዱባለ በደረቱ ተደፍቷል።

ከሥሩ ሌላ ሰው አለ...

አቶ ተክለጻድቅ ነበሩ። በጠፉበት ዕለት ጠዋት ቢሮ የለበሱትን ኮት ለብሰዋል። የዱባለ አውራ ጣት አፋቸውን ተጭኖታል።

ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ። እናቱ ብቻ ቀረበች። እጁን አንስታ በነጠላዋ ጠረገችው። ነጠላዋ ሐምራዊ ሆነ። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ቀና ብላ አየችኝ።

"ጠፋ ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ?"

"አዎ... እኔ ነኝ።"

 በጣቷ ወደ ነጩ ሸሚዜ አመለከተች።

ዝቅ ብዬ አየሁ።

ደረቴ ላይ፣ መሀሉ የተሰነጠቀ አሻራ ነበር።