ዳመናን ማን አበላው?

ማክሰኞ ጠዋት ዝናሽ የዙሪኩ ሰፈር አፎልተርን ደርሳ የደጀኔን በር ስትገፋ፣ ዳመና ከማሞቂያው ሥር ቡናማ ብርድ ልብሱ ላይ ተጋድሞ ነበር። የተኛ መስሏት በስሙ ጠራችው። ጆሮው አልተነሣም። ሰማያዊዋ ዓይኑ ገርበብ እንዳለች ቀርታለች።

«ሊነጋጋ ሲል ነው» አለ ደጀኔ። የአውቶቡስ ሹፌር ደንብ ልብሱን እንደለበሰ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። «ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ እንዳደረገ አለፈ።»

ዝናሽ ተንበርክካ ፀጉሩን ነካችው፤ ገላው ቀዝቅዟል። ለውሻ ማልቀስ እንደሚያሳፍር ታውቃለች። የቸርቿ እህቶች ቢያይዋት ምን እንደሚሏትም ታውቃለች። ቢሆንም አለቀሰች።

ዳመና በጉልበቱ ዘመን ተራራ ላይ የበረዶ ጋሪ ሲስብ የኖረ፣ ጡረታ ሲወጣ ደጀኔ የወሰደው የዘጠኝ ዓመት ውሻ ነበር። የዝናሽ የኪራይ ውል ውሻ ስለማይፈቅድ፣ በየቅዳሜው ከምትኖርበት ከቪዲኮን ሰፈር እየመጣች ታንሸራሽረው ነበር። በአረጋውያን ቤት አንሶላ ስታጥብና ስታጥፍ ውላ የምታስበው እሱን ነው። እሷን፣ ደጀኔንና ጄኔቫ የሚኖረውን ተስፋን ያወዳጃቸውም እሱ ነው። መጋቢት በመጣ ቁጥር ሦስቱ በአላስካ የሚካሄደውን የሺህ ማይል የውሻ ጋሪ ውድድር በስልክ ካርታ ላይ ይከታተላሉ። የትኛው ውሻ አነከሰ፣ የትኛው ጣቢያ ላይ ቀረ፣ መሪዋ ውሻ ስንት ሰዓት ተኛች፤ ይህን ሁሉ እንደ ዘመድ ወሬ ይነጋገሩታል።

ባለፈው እሁድ እንደ ልማዳቸው ደጀኔ ቤት ተሰባስበው ነበር። በውድድሩ የደገፏት ሴት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አንደኛ ገባች። ሌላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዳመና ተንገዳገደ፤ አስመለሰው፤ ወደቀ። የእንስሳት ሐኪሟ ስኳሩ ወርዷል ብላ ግሉኮስ እየሰጠችው ጠየቀች፤ «ምን በላ? ማስቲካ? ከረሜላ? ኬክ?»

«ከራሱ ምግብ በቀር ምንም» አለ ደጀኔ።

ውሻው ለጊዜው ተሻለው። ሰኞ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ጉበቱ ተጎድቷል ተባለ። ማክሰኞ ይኸው ሞተ።

«መርዝ ነው» አለ ደጀኔ። «ማን እንዳደረገችውም አውቃለሁ። አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?»

ዝናሽ ደነገጠች። ትናንት በጭንቀት መሐል ያየችውን ነግራው ነበር። እሁድ ኬኳን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ፣ ከታች ፎቅ የምትኖረው ኡሙልኸይር ዳመና ፊት ተንበርክካ፣ የውሻው አፍ መዳፏ ውስጥ ነበር። ኡሙልኸይር ውሻ ትፈራለች። በጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስለሚገኘው የውሻ ፀጉርም ከደጀኔ ጋር ሦስት ጊዜ ተጨቃጭቃለች።

«አየሁ አልኩ እንጂ መረዘችው አልኩ?»

«እኔ ግን ገብቶኛል። ትናንት በየበሩ እያንኳኳሁ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲጠነቀቃት ተናግሬያለሁ። ነገ ደግሞ ፖሊስ ጋ ሄጄ እከሳታለሁ።»

ኡሙልኸይር በሕሙማን ረዳትነት እየሠለጠነች፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄዋን ያስገባችው በጥር ነው። ክስ የሚባል ነገር ስሟ ላይ ቢለጠፍ ምን እንደሚከተል ዝናሽ አላጣችውም።

«ጥቂት ቀን ስጠኝ፣ ደጀኔ» አለችው። «ጄኔቫ ያሉትን እትዬ ለተሚካኤልን ላምጣ። እሳቸው ያጣሩና ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ።»

ይህን ያለችው ከቅን ልቧ ነበር።

እትዬ ለተሚካኤል አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ወንጀል ሲመረምሩ ኖረው፣ አሁን ጄኔቫ በአስተርጓሚነት የሚሠሩ የስልሳ ዓመት ሴት ናቸው። ረቡዕ ዕለት ጄኔቫ አጠገብ ካሩዥ በሚገኘው ቤታቸው፣ ትራሙ በመስኮቱ ሥር እያንኳኳ ሲያልፍ፣ የዝናሽን ነገር ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ውሻ ነው ብለው እንዳይንቁት ፈርቼ ነበር» አለች ዝናሽ ስትጨርስ።

«የሞተው ውሻ ነው፤ የምትከሰሰው ግን ሰው ናት» አሉና ካፖርታቸውን አነሡ። «እስቲ ያን ተስፋ የሚባለውን አሳዪኝ።»

ተስፋ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ብስክሌት ይጠግናል። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ፤ መጠየቁ አስደንግጦታል።

«እሁድ ቸኮሌት ይዘህ ሄደሃል አሉ» አሉት። «ቸኮሌት ውሻ ይገድላል።»

«ለዚህ ብሎ ደጀኔ ሣጥኑን እንደታሸገ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፣ እትዬ! ደጀኔን እኮ አያውቁትም። ከገበታ ለውሻ ፍርፋሪ የጣለ ሰው እዚያ ቤት አይመለስም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሰብከን ነው የኖረው።»

«ኬኩስ የት ነበር?»

«የመጽሐፍ መደርደሪያው አናት ላይ። ለነገሩ ዳመና ሥጋ አፍንጫው ሥር ብታኖርለት እንኳ ደጀኔ ካላዘዘው አይነካም።»

ውድድሩ ሲያልቅ የቀረጸውን ቪዲዮም አሳያቸው። ሴትዮዋ ከውሾቿ ኋላ እየሮጠች ወደ መጨረሻው መስመር ስትቃረብ፣ ሦስቱ በአንድ ድምፅ «በይ! በይ! በይ!» ይላሉ። ዝናሽ የራሷን ጩኸት ሰምታ አፈረች። ሴትዮዋ መስመሩን አለፈች። ጭብጨባ፣ ሳቅ፣ የሳህን ኳኳታ፣ አንድ ዝቅ ያለ «በል»፣ ከዚያ ቪዲዮው አለቀ።

«ድገመው» አሉ እትዬ ለተሚካኤል። ሁለት ጊዜ ሰሙትና ወጡ።

ሐሙስ ዙሪክ መጥተው በቅድሚያ ያዩት የዳመናን ብርድ ልብስ ነበር። ደጀኔ አላጠበውም፤ በማጠቢያ ክፍሉ ቀጣዩ ተራው ገና አልደረሰም። ዳመና ያስመለሰበት ጥግ ደርቋል። እትዬ ለተሚካኤል መነጽራቸውን አደረጉና፣ አንዲት ቀጭን ብርቱካናማ ነገር በጥፍራቸው ፈልቅቀው ወረቀት ውስጥ ጠቀለሏት።

«እንዲበላ ስታዘው ምን ትለዋለህ?»

«'በል' ነው የምለው» አለ ደጀኔ። «ነበር የምለው።»

ከዚያ ወደ ታች ፎቅ ወረዱ። ዝናሽ ደጅ ልትቀር አሰበች፤ እትዬ ለተሚካኤል ግን «ነይ፣ አብረሽኝ ግቢ» አሏት። ኡሙልኸይር ለእሳቸው ወንበር አቀረበችላቸው። ለዝናሽም አቀረበችላት፤ ዓይኗን ግን አላየቻትም።

«እሁድ ለውሻው ምን ሰጠሽው፣ ልጄ?»

«ምንም። ጋሽ ደጀኔ የማጠቢያውን ክፍል ቁልፍ ፈልገው ስለነበር ላደርስላቸው ወጣሁ። በሩ ክፍት ነበር፤ ውሻው ወጣ። ሌላ ቀን ቢሆን እሮጣለሁ። የዚያን ቀን ግን እግሬ እምቢ አለኝ፤ ቁጭ አልኩ። መጥቶ እጄን ላሰኝ።» መዳፏን አየች። «እውነቱን ልንገርዎ? ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አፈርኩ። ወርጄ እንደ እምነቴ ሰባት ጊዜ ታጠብኩና ወደ ሥራ ሄድኩ። እትዬ ዝናሽ ኬክ ይዘው ሲያልፉ ሰላም ብያቸዋለሁ። አልመለሱልኝም።»

ዝናሽ አስታወሰች። እውነት ነው፤ አልመለሰችላትም።

ከባቡሩ ሰዓት በፊት እትዬ ለተሚካኤል ቪዲኮን የዝናሽ ቤት ጎራ ብለው ሻይ ቀረበላቸው። ዝናሽ ሐሳቧ ኡሙልኸይር ላይ ስለነበር የስኳሩን ዕቃ ሳታስብ አቀበለቻቸው። ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ አኖሩት።

«ይቀዘቅዛል» አሉ።

«ምኑ?»

«ስኳርሽ። ምላስ ላይ ይቀዘቅዛል።»

«የሱቅ ነው» አለች ዝናሽ፤ ፊቷ ጋለ።

ሻያቸውን ጠጥተው፣ ቅዳሜ ሁሉም ደጀኔ ቤት እንዲገናኙ ነግረዋት ሄዱ። ዝናሽ በሩን ቆልፋ ከዱቄቱ ኋላ የምትደብቀውን ፓኬት አወጣች። በርች ከሚባል ዛፍ የሚሠራ፣ የስኳር ሕመምተኞች የሚጠቀሙበት ማጣፈጫ ነው። በመስከረም፣ በቸርቿ ጉባኤ ፊት ቆማ ከስኳር ሕመሟ እንደተፈወሰች መስክራ ነበር፤ ሰው እያለቀሰ አጨበጨበ። በጥር ሐኪሟ ደሟን ለካና ስኳሩ እንዳለ መሆኑን ነገራት። ለማን ትንገር? ስኳር አልበላም ብትል ሊጠይቋት ነው። ይህን በድብቅ ገዝታ ሻይዋንም ኬኳንም በእሱ ማጣፈጥ ጀመረች።

ፓኬቱን ገለበጠችው። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ለእንስሳት አደገኛ መሆኑ ተጽፏል፤ አጠገቡ መስመር የተሠረዘበት ትንሽ ውሻ ተሥሏል። ስንት ፓኬት ጨርሳለች፤ አንዱንም ገልብጣ አላየችም።

ስልኳን አነሣች። አስቀመጠችው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታጥፍ ዋለች። ከዳመና ሞት ይልቅ የምስክርነቷ መፍረስ እንዳስጨነቃት ሲገባት፣ ራሷን ጠላች። ያም ሆኖ ለማንም አልደወለችም።

ቅዳሜ ከሰዓት ደጀኔ ሳሎን ውስጥ አምስት ሰዎች ተቀመጡ። ኡሙልኸይር የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በሩ አጠገብ ወንበር ያዘች። ዝናሽ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች፤ ፓኬቱ ውስጡ ነው።

«ከብርድ ልብሱ ልጀምር» አሉ እትዬ ለተሚካኤል ወረቀቱን ፈተው። «ይህ የብርቱካን ልጣጭ ነው። እዚህ ቤት የዚያን ቀን የብርቱካን ልጣጭ የነበረበት ምንድን ነው?»

«ኬኩ» አለ ተስፋ።

«እንግዲህ ዳመና ኬክ በልቷል። ኡሙልኸይር ዳመናን ደረጃው ላይ ስታገኘው ኬኩ የት ነበር? ዝናሽ እጅ ላይ። ገና እዚህ ቤት አልገባም። ኬኩ ሲገባ ኡሙልኸይር ወርዳ ወደ ሥራዋ ሄዳለች። ታዲያ በምን እጇ ታበላዋለች?»

ደጀኔ ወለሉን አየ።

«ውሻው ራሱ ሰረቀ እንዳንል፣ ሳህኑ መደርደሪያው አናት ላይ ነበር፤ ሳይታዘዝም አይበላም። ትእዛዙ 'በል' ነው። አሁን የተስፋን ቪዲዮ አስታውሱ። ስትጮኹላት የነበረችው ሴት ናት፤ 'በይ' ነው ያላችኋት። እሷ ከገባች በኋላ ግን አንድ ሰው ቀስ ብሎ 'በል' ብሏል። ውድድሩ አልቋል፤ የምትደግፉትም ወንድ የለም። እዚያ ክፍል ውስጥ ያንን ቃል የሚጠብቅ ወንድ አንድ ዳመና ነበር።»



«ደስ ብሎኝ ነው» አለ ደጀኔ በመጨረሻ። ትልቁ ሰውዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ጋሪ ሲስብ ያሳለፈውን ዕድሜ አስቤ፣ ይህ ድል የእሱም ነው አልኩ። አንዲት ቁራሽ። ሁላችንም የበላነው ኬክ ነው፤ ይገድላል ብዬ አልጠረጠርኩም። ስለዚህ እሷ ናት ብዬ ከልቤ አመንኩ።»

«ሐኪሟ 'ኬክ?' ብላ በቃሏ ጠይቃህ ነበር።»

«ዝናሽና ተስፋ አጠገቤ ቆመው ነበራ! ሦስት ዓመት የሰበክኩት እኔ... እንዴት ብዬ...»

«ብትናገር ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ዕድል ግን ይኖረው ነበር» አሉ እትዬ ለተሚካኤል፤ በቁጣ አልነበረም። «አሁን አንድ ጥያቄ ቀርቷል። ሰው በልቶት ደህና የሚያድር፣ ውሻን የሚገድል፣ ኬኩ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው? መልሱን አውቃለሁ። መናገሩ ግን የእኔ ድርሻ አይደለም።»

ማንንም አላዩም። ዝናሽ ግን ዝም ብትል ማንም እንደማያስገድዳት ገባት። ቦርሳዋን ከፍታ ፓኬቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይኸው። ስኳር አይደለም። እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ።»

«ተፈውሻለሁ ብለሽ መስክረሽ አልነበር እንዴ?» አለ ተስፋ፤ የዚያን ቀን ጉባኤው መሐል ነበር።

«መስክሬ ነበር። አልተፈወስኩም። እሱን ለመደበቅ ነው ይህንን የምገዛው። ውሻ እንደሚገድል አላውቅም ነበር፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ አላነበብኩትም።»

«መቼ ነው ያወቁት?» አለች ኡሙልኸይር። ከገባች ጀምሮ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ» ኡሙልኸይር በጣቷ ቆጠረች። «ትናንት ደረጃው ላይ አንዷ እኔን ስታይ ልጇን ጎትታ ወደ ቤት አስገባች። ትናንት እርስዎ ያውቁ ነበር።»

ዝናሽ ከወንበሯ ወርዳ ልትንበረከክ አለች፤ ኡሙልኸይር ክንዷን ይዛ አስቆመቻት። የያዘቻት በፍቅር አልነበረም።

«ይቅር በይኝ።»

«የእሱን ነገር ቆይተን እናየዋለን። ስሜ የጠፋው በየበሩ ነው፤ በየበሩ መልሱልኝ።»

ደጀኔ ቀድሞ ተነሣ። በዚያ መግቢያ ከሁለቱ ቤት ሌላ ስምንት በር አለ። ከታች ጀመሩ። አንዲት ሽበታም የአገሩ ሴት የመጀመሪያውን ከፈተች። ከደጀኔና ከዝናሽ ትከሻ በላይ፣ ደረጃው ላይ የቆመችውን ኡሙልኸይርን ስታይ ፊቷ ተኮሳተረ። ደጀኔ አፉን ሲከፍት ዝናሽ እጁን ያዘችው።

«እኔ ልጀምር።»

ጀርመንኛዋ የልብስ ማጠቢያ ጀርመንኛ ነው፤ ስለ አንሶላና ስለ ሳሙና ያግባባታል። ውሻው እንደሞተ፣ ኬኩን እሷ እንደጋገረች፣ ያቺ ከኋላ የቆመችው ሴት ምንም እንዳላደረገች እንደምንም አስረዳች። «ኢሽ ቢን...» አለችና ቆመች። ጥፋቱ የእኔ ነው ለማለት የሚያስፈልጋት ቃል ጠፋባት። ሴትዮዋ ጠበቀቻት። የዝናሽ ጆሮ እስኪግል ድረስ ጠበቀቻት።

«ሹልድ» አለ ከኋላዋ የኡሙልኸይር ድምፅ። «'ሹልድ' ነው የሚባለው፣ እትዬ ዝናሽ።»

«ኢሽ ቢን ሹልድ» አለች ዝናሽ።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። ዝናሽን ትታ ወደ ደረጃው ተመለከተችና ለኡሙልኸይር በጭንቅላቷ እጅ ነሣቻት። ኡሙልኸይርም እጅ ነሣች።

በሩ ተዘጋ። ሰባት ቀርቷቸዋል። ዝናሽ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀጣዩን አንኳኳች።