የማያልበው ሻምፒዮን

ይሄ በእኔና በእህቴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ መብታችሁ ነው። እኔ ግን ጣቶቼ ስር የተሰማኝን አውቃለሁ።

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፣ ከፈርኒቸር ሱቅ በላይ ባለው የምሠራበት ጂም ውስጥ፣ ፀሐይ በመስታወቱ እየገባች...

አሰልጣኝ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ሥራዬ ሰው ሲዋሽ መስማት ነው። አንዱ "ጣፋጭ ካቆምኩ ወር ሆነኝ" ይላል፣ የስኳር ዱቄት ከንፈሩ ላይ እያለ። ሌላዋ መሮጫ ማሽኑ ላይ ቆማ ስልኳን ስትነካካ ትቆይና "ዛሬስ ሞትኩ" ትላለች።

ከሁሉም የምንቀው ግን የእህቴን ባል ነበር።

ሻምፒዮን ነው የምለው። ሙገሳ እንዳይመስላችሁ። አንድ ፎቅ ለመውጣት ሊፍት የሚጠብቅ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ የውሃ ብርጭቆ እንኳ በእጁ አያነሳም።

"ሚጣ፣ ውሃ።"

"ሚጣ፣ ካልሲዬ የት ነው?"

ሚጣ ታናሽ እህቴ ናት። አሠልጥነው ብላ የለመነችኝም እሷ ናት።

"ለጤናው ብዬ ነው፣ ወንድምዬ" አለችኝ በስልክ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ደረጃ እየወጣሽ ነው እንዴ?"

"አይ... ተቀምጫለሁ።"

ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያደርጋል። ከመጀመሩ በፊት ቁጭ ብሎ የልብ ምቱን ይለካል፤ ይሄ የዕረፍት ምቱ ነው። ከዚያ ይሮጣል። ሲጨርስ ወዲያው ይለካል፣ አንድ ደቂቃ ያርፍና ደግሞ ይለካል። ጠንካራ ልብ ቶሎ ይረጋጋል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሃያ ሠላሳ ከወረደ ጎሽ እላለሁ። ያልሠለጠነ ልብ ግን እላይ እንደተሰቀለ ይቆያል። ሰውየው የፈለገውን ቢያወራ፣ ያቺ ደቂቃ ታጋልጠዋለች።

ሻምፒዮን መጀመሪያ ቀን ትርታውን በአውራ ጣቱ ሲፈልግ አገኘሁት።

"በሱ አይለካም" አልኩት ሳቄን እየዋጥኩ። "አውራ ጣት የራሱ ትርታ አለው፣ ያሳስትሃል። በሌባ ጣትና በመሃል ጣት፣ እዚህ፣ አንገትህ ላይ።"

"ገባኝ፣ አማቼ።"

ማሽኑ ላይ አወጣሁት። ፍጥነቱን ሆን ብዬ ጨመርኩት። ሰው ፊት እንዲያፍር ፈልጌ ነበር፣ አልደብቃችሁም። ሲወርድ ልቡ መቶ ሰባ ይመታ ነበር። ደስ አለኝ። አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀምጬ ሁለት ጣቶቼን አንገቱ ላይ አደረግሁ።

መውረድ ጀመረ።

መቶ ሃምሳ... መቶ አስር... ደቂቃዋ ሳታልቅ ስልሳ ገባ።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ስልሳ። ለዓመታት የሠለጠነ ሯጭ እንኳ እንደዚያ አያርፍም። ግንባሩ ደረቅ ነው። ካናቴራውም ደረቅ ነው።

"እንዴት ነኝ?" አለኝ ፈገግ ብሎ።

መልስ ልሰጠው ብል ትንፋሽ አጠረኝ። አንድ እርምጃ ያልሮጥኩት ሰውዬ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። የልብ ምት የሚያነበውን ሰዓቴን አየሁት።

መቶ ስልሳ ስምንት።

ንዴት ነው አልኩ ለራሴ። እንዲህ ያለ ሰው ሲያምርበት ማየት ያናድዳል።

በሚቀጥለው ቀን ራቅ ብዬ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ሻምፒዮን ሮጦ ወረደና አግዳሚው ላይ ተዘረፈጠ። የጽዳት ሠራተኛችን የጫማዋን ክር ልታስር አጠገቡ ቁጭ አለች። ትንሽ ቆይታ ደረቷን ያዘች።

"ምን ነካኝ?" አለች በሹክሹክታ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

እሱ ዞር ብሎም አላያትም። ሰው ሲደክም ማየት ድሮም አያውቅበትም። ፎጣውን እንደታጠፈ ይዞ ተነሳ።

ደግፌ አስወጣኋት። ተመልሼ መጣሁና ጠየቅሁት።

"ቤትም ትሮጣለህ?"

"እዚህ ከመምጣቴ በፊት ማሽን ገዝቻለሁኮ። ጠዋት ጠዋት፣ ሳሎን ውስጥ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሚጣ ወንበር አምጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች... ስትቀመጥልኝ አይደክመኝም።"

ያን ቀን በስልክ "ተቀምጫለሁ" ያለችኝ ትዝ አለኝ።

የጂሙን ቁልፍ አብሮኝ ለሚሠራው ጓደኛዬ ወርውሬ ወጣሁ።

ሚጣ በሩን የከፈተችልኝ ግድግዳ ተደግፋ ነው። ቀሚሷ ሰፍቷት ከትከሻዋ ይንሸራተታል። ሳሎኑ መሃል ማሽኑ ቆሟል፣ አጠገቡ ወንበር። የወንበሩ እግሮች ምንጣፉን ቦርቡረውታል።

አንገቷ ላይ ምቷን ለካሁ። ቁጭ ባለችበት መቶ ሠላሳ።

"ሐኪም አየሽ?"

"ስንት ጊዜ... ግን ብቻዬን ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ልቤ ቀስ እያለ ይረጋጋል። ምንም የለሽም ብለው ይመልሱኛል።"

"ተነሺ። እኔ ቤት ትሄጃለሽ።"

"ውሃ ማን ያቀብለዋል?"

"እጅ አለው አይደል።"

የምኖረው ከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዋለች፣ አደረች። ልቧ ቀስ እያለ ተረጋጋ። በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ብርቱካን ስትልጥ ለካኋት። ሰባ ሁለት። ከእኔ ተደብቆ እንደነበረ ሰው እህቴን መልሼ ያገኘኋት መሰለኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

"ምነው?" አለች እየሳቀች። "ደህና ነኝ እኮ።"

ያኔ ከታች የጫማ ድምፅ ሰማን።

ጧ... ጧ... ጧ...

ቁልቁል አየሁ። ሻምፒዮን ነው። ሕንፃውን እየዞረ ይሮጣል። መኪናው የለም። ከቤቱ ጀምሮ ሮጦ የመጣ ይመስላል፣ ያ ሊፍት ጠባቂ። ካናቴራው ደረቅ ነው።

"ተወው" አልኳት። "ይሩጥ። አራት ፎቅ አለ በመካከላችሁ። አሁን ድካሙን ራሱ ተሸክሞ ይየው።"

እውነትም የሚወድቅ መስሎኝ ነበር። እንዲወድቅም ፈልጌ ነበር።

መስኮቱ ስር ሲደርስ ቆመ። ቀና ብሎ አየን። ከዚያ ሁለት ጣቶቹን አንገቱ ላይ አስቀመጠ። ሌባ ጣቱንና መሃል ጣቱን። ሰዓቱን ተመለከተ።

ልክ እንዳስተማርኩት።

የእኔ ጣቶች አሁንም የሚጣ አንገት ላይ ነበሩ።

ሰማንያ...

መቶ አስር...

"ወንድምዬ" አለች በቀስታ።

ጎትቼ ወደ ጓዳ አስገባኋት። በሩን ዘጋሁ። ግድግዳው ላይ አስደግፌ እንደገና ነካኋት። መቶ ሃምሳ። መቶ ሰባ። ከዚያ በኋላ መቁጠር አልቻልኩም፤ ጣቴ ስር ያለው ነገር መንቀጥቀጥ ብቻ ሆነ።

"ሚጣ፣ እኔን እዪኝ። ተንፍሺ።"

አላየችኝም። እጄን ቀስ አድርጋ ከአንገቷ ላይ አነሳችው። ከመደርደሪያው ብርጭቆ አወረደች። ቧንቧውን ከፈተች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ጠምቶታል" አለች በሹክሹክታ።

ኮሪደሩ ላይ የሊፍቱ ደወል ጮኸ። ሊፍት ነው የያዘው... አንድ ፎቅ እንኳ መች በእግሩ ይወጣና።

የውጪው በር ተንኳኳ።

ሚጣ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልታ፣ በሁለት እጇ ይዛ በአጠገቤ አለፈች። የአንገቷ ሥር ከሩቅ እስኪታይ ድረስ ይዘል ነበር። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ።

ብርጭቆው ውስጥ ያለው የእሱ ውሃ ግን፣ እንደ እሱ ተረጋግቶ፣ ፍጹም አይነቃነቅም ነበር።