ና ሲሉት የሚተኛ ውሻ

አቶ አባይነህ በዴንቨር ከተማ፣ ሞንትቤሎ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ወደ ምድር ቤት በሚወርደው ደረጃ ግርጌ፣ አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለት ሺህ ስድስት፣ ጊዜው የዐቢይ ጾም እኩሌታ ነበር። ፖሊስ መጣ፤ አየ፤ «ውሻ ገፍቶ ጥሏቸዋል» ብሎ ጻፈ። ቀብሩ ተፈጸመ፤ ሳልስቱም ወጣ። ያልወጣው የመርማሪ ወይንሸት ንዴት ብቻ ነበር።

ወይንሸት በአዲስ አበባ ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ክፍል ለረጅም ዘመን ያገለገለች፣ በዴንቨር ደግሞ ድንገተኛ ሞትን በሚያጣራ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ናት። የተድበሰበሰ ነገር እንደ እሾህ ይወጋታል። የሟቹ ሹራብ በእጇ ነበር፤ የአንገቱ አዝራር ከነክሩ ተቦጭቆ ወጥቷል፤ ቀዳዳውም ተተርትሯል።

«የዓይን ምስክር አለ፤ ስብራቱም ከአወዳደቁ ጋር ይስማማል፤» አላት አለቃዋ። «ምን ቀረሽ?»

«አዝራር።»

«ሰው ደረጃ ላይ ሲንከባለል አዝራር ይበጠሳል።»

«ከግርጌው እስከ ራሱ ያሉት ሁሉ ደኅና ሆነው አንገት ላይ ያለው ብቻ?»

«ነገ ማታ ፋይሉን ካልዘጋሽው እኔ እዘጋዋለሁ፤» ብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ።

ከአውሮራ በፒዮሪያ መንገድ ወደ ሞንትቤሎ ስትነዳ መሪውን በመዳፏ ትደበድብ ነበር። ግማሽ የቀለጠው በረዶ መንገዱን አጨቅይቶታል።

በሩን የከፈተችላት የሟቹ አንድያ ልጅ ሶልያና ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልባቸው ቡላ የሚባለውን ውሻ ለአባቷ ያመጣችላቸው እሷ ነበረች። የነርስነት ትምህርቷን አቋርጣ የውሻ አሠልጣኝነት ኮርስ ስለ ጀመረች፣ ቡላን መጀመሪያ እዚያ አስተምራ፣ ኋላ ቤት ውስጥ አባቷ እንዲያለማምዱት ትታላቸዋለች። ዐይኖቿ በልቅሶ ደም መስለዋል።

«ነገ ከሰዓት በመርፌ ይገድሉታል፤» አለች። «የእንስሳት መጠለያ፣ ሼልተር ነው ያለው። ባለቤቱ እኔ ስለሆንኩ ሳይን ማድረግ ያለብኝ እኔ ነኝ። የአባቢ ወንድም ጋሼ ቀጸላ ወረቀቱን አምጥተውልኛል።»

«አንቺ ትፈልጊያለሽ?»

«እኔ ምን መፈለግ አለብኝ? ውሻውን ያመጣሁት እኔ። አባቢን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ወይንሸት ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። «የዚያን ቀን ጠዋት ምን ነበር?»

«ተጣልተን ነው የወጣሁት። ቡላ ቁጭ ሲሉት ቁጭ ይላል፤ ቆይ ሲሉት ይቆያል። አባቢ ግን በጣም ተናዶ ነበር። "ና ስለው ይተኛል! ይሄ ውሻ ንቆኛል!" ይላል። እኔ ደግሞ "አባቢ፣ አንተ ነህ ኮንፊዩዝ የምታደርገው!" ብዬ ጮኽኩበት። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው።»

«በምን ግራ አጋቡት?»

«በእጁ። እኛ የምናስተምረው በእጅ ምልክት ነው። ስንቴ አሳይቼዋለሁ! "ለውሻ ብዬ የእጄን አመል አልለውጥም" ይለኛል።»

ይህን ስትል ከጓዳ አንዲት ቀጭን ሴት ብቅ አለች፤ የሟች እኅት፣ ወይዘሮ አበዛሽ ናት። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ አዳር እየሠራች ከወንድሟ ጋር ትኖር ነበር።

«ጠበል በተረጨበት ቤት ውሻ ምንጣፍ ላይ ሲንደባለል መጨረሻው ይሄ ነው!» አለች። «ምን ታይኛለሽ? እኔ ነኝ ተጠርጣሪዋ?»

«"ወይ እኔ ወይ ውሻው" ብለሽ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ብያለሁ! አሁንም እላለሁ።»

«ክንድሽ ላይ ያለው ጭረትስ?»

አበዛሽ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። «በመጥረጊያ ስመታው ቧጨረኝ። በጾም በእንስሳ ተናደድኩ፤ ንስሐ ገብቼበታለሁ። ልጅቷ ፊት ማውራት አስፈላጊ ነው?»

«ወንድምሽ ሲወድቁ የት ነበርሽ?»

«ከአዳር ገብቼ ተኝቼ። አንድ ነገር ዱብ ሲል ነቃሁ። ጩኸት የለ፤ ውሻ ሲጠራ የለ፤ ምንም አልሰማሁም። ስወጣ ጋሼ ቀጸላ ደረጃው ሥር ወንድማችንን ታቅፈው ያለቅሳሉ። እነሆ ይሄንኑ ለፖሊሱም፣ ለጋሼም፣ ለለቀስተኛውም ስደጋግም ጉሮሮዬ ደረቀ!»

«ውሻውስ?»

«ሳሎን ተጋድሟል። ደንታም የለው!»

ወይንሸት ደረጃው አፋፍ ላይ ተንበርክካ ምንጣፉን በመዳፏ ዳሰሰች። ምንም አላገኘችም። የጫማ መደርደሪያውን ከግድግዳው ፈቀቅ ስታደርገው ግን፣ ክሩ ያልተላቀቀው ቡናማ አዝራር ከሥሩ ወጣ። አዝራሩ ከደረጃው ግርጌ ሳይሆን ከአፋፉ ተገኘ እንግዲህ፤ አቶ አባይነህ ገና ሳይወድቁ የተቦጨቀ ነው። በፕላስቲክ ከረጢት ከተተችው፤ ንዴቷ ግን አልቀነሰም። አዝራር የተቦጨቀበትን ቦታ ይጠቁም እንደሆን እንጂ እጁን ያሳረፈበትን ሰው ስም አይናገርም።

አቶ ቀጸላ እንግልውድ ነው የሚኖሩት። የሟች ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ጋብቻ የሚያፈራርሙ፣ ቃላቸው መሬት ጠብ የማይል ሽማግሌ። ወይንሸት ስትገባ ከወንበራቸው አልተነሡም።

«ለፖሊስ የነገርኩትን ነው የምነግርሽ፤» አሉ። «የሳሎኑን በር ከፍቼ ስገባ አባይነህ ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ ቆሟል። ውሻው ከሳሎኑ ማዶ ነው። አበዛሽ ከአዳር ገብታ ስለ ተኛች ድምፁን አላሰማም፤ በእጁ ጠራው። አውሬው ተስፈንጥሮ መጣና ጉልበቱን መታው።»

«በእጃቸው ሲጠሩት አይተዋል?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

«ከመውደቃቸው በፊት አጠገባቸው አልደረሱም?»

«ከበሩ ፈቀቅ አላልኩም አልኩሽ እኮ። ከወደቀ በኋላ ነው የሮጥኩት።»

«ለምን ጉዳይ ነበር የሄዱት?»

«ወንድሜን ለመጠየቅ ከማን ነው የማስፈቅደው?» ሽማግሌው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አስረገጡ። «በእኛ ቤት ታላቅ ያዛል፣ ታናሽ ይታዘዛል። አባይነህ እስኪሸብት ቃሌን ጥሶ አያውቅም። ልጅቷ ናት ያበላሸችው። ነርሲንግ አስገባኋት፤ ትታ ከውሻ ጋር ትዘላለች። ያልታዘዘ ልጅ ፍሬው ይሄው ነው፤ አባት ያስቀብራል።»

«ይህን ለእሷም ነግረዋታል?»

«ልትሰማው ይገባል።»

ከዚያ ወጥታ ወደ እንስሳት መጠለያው ስትደርስ ትዕግሥቷ ተሟጥጦ ነበር። ቡላ ስሙን የመሰለ ቀለም ያለው፣ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ ውሻ ነው። ሠራተኛዋ ከፍታ ወደ ሰፊው ክፍል አስገባችው።

«ና ቡላ፤» አለች ወይንሸት በእጇ እየጠራችው።

ቡላ ተኛ።

«ና እንጂ!» አጥብቃ ጠራችው። አገጩን ወለሉ ላይ አስተኝቶ ሽቅብ አያት። ተጠግታ በአንገት ማሰሪያው አስነሣችው፤ ወደ ኋላ ተመልሳ በሁለት እጇ ጠራችው። ጭራሽ ሆዱን ወለሉ ላይ ለጠፈ።

«አለቃዬ አልሰማኝ፤ ሽማግሌው ናቁኝ፤ አሁን ደግሞ አንተ?»

ሠራተኛዋ ሳቀች። «ምን ያናድድሻል? እንዲህ የሚታዘዝ ውሻ እዚህ መጥቶ አያውቅም።»

ወይንሸት ልትቆጣት ዞር አለች። አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ የቀረውን የገዛ እጇን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለፖሊሱ መርማሪ ደወለች።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሁሉም ሞንትቤሎ፣ ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። የፖሊሱ መርማሪ ከአስተርጓሚው ጋር በሩ አጠገብ ቆመ። ሶልያና ቡላን ከሳሎኑ ማዶ ይዛዋለች።

«ለቅሶ ቤት ውሻ ይዘሽ ትገቢያለሽ?» አለች አበዛሽ።

«የተከሰሰው እሱ ስለሆነ ቃሉን ይስጥ ብዬ ነው፤» አለች ወይንሸት።

«ቀልድ አሁን አያምርብሽም፤» አሉ አቶ ቀጸላ። «ልጅቷ ትፈርም፣ እኛም እንረፍ።»

«ከመፈረሟ በፊት አንድ ነገር ይርዱኝ። ወንድምዎ የቆሙበት ቦታ ላይ ይቁሙና ውሻውን እንዴት እንደ ጠሩት በእጅዎ ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ተነሡ። ደረጃው አፋፍ ላይ ቆመው፣ ማንኛውም ያገራችን ሰው ልጁንም ጎረቤቱንም እንደሚጠራው፣ መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው ጣቶቻቸውን ደጋግመው ወደ ራሳቸው አጠፉ።

ቡላ እጃቸውን አየና ተኛ።

«ሶልያና፣ አስነሺው። እርስዎም ይድገሙልኝ፤ እባክዎ።»

ደገሙ። ውሻው ዳግመኛ ተኛ። አበዛሽ «እሱ ድሮም…» ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች።

ወይንሸት ከሳሎኑ መካከል ቆመች። «የዚህ አገር አሠልጣኞች ውሻን የሚጠሩት በሌላ ምልክት ነው። መዳፍ ወደ ታች ዝቅ ሲል ለዚህ ውሻ "ተኛ" ማለት ነው። ሶልያና ኮርሱ ላይ ያስተማረችው ይህን ነው። አቶ አባይነህ ግን የእጃቸውን ልማድ አልለውጥም አሉ። ስለዚህ በጠሩት ቁጥር ይተኛል፤ እሳቸውም ናቀኝ ብለው ይናደዳሉ። ውሻው አንድም ቀን አልናቃቸውም፤ የታዘዘውን ነበር የሚፈጽመው። ትናንት እኔም እንደ እሳቸው ተናድጄበታለሁ።»

«እና ምን ይሁን?» አሉ አቶ ቀጸላ።

«አበዛሽ ምንም ጥሪ አልሰማሁም አለች። ለእርስዎም ነግራዎታለች። ስለዚህ ነው ወንድሜ ድምፅ ሳያሰማ በእጁ ጠራው ያሉት። ልምምዱን አንድ ቀን አይተው ቢሆን ኖሮ ይህን አይሉም ነበር። በእጃቸው ቢጠሩት ውሻው እዚያው ይተኛ ነበር እንጂ አይሮጥም።»

«ውሻ አይደለም እንዴ! የዚያን ቀን ተነሥቶ ቢሆንስ?»

«ልክ ነው፤ ውሻ ሊሳሳት ይችላል። አዝራር ግን አይሳሳትም።» ከረጢቱን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ይህ ከወንድምዎ ሹራብ አንገት ላይ ተቦጭቆ እዚህ አፋፉ ላይ ወድቆ ነበር። ቡላ ከጉልበት በላይ አልደረሰም ብለዋል። አበዛሽን ብጠረጥራት ደስ ይለኝ ነበር፤ እሷ ግን ድምፁ ቀስቅሷት ስትወጣ እርስዎን ደረጃው ሥር አገኘችዎ። ሶልያና ከቤት ወጥታለች። እዚህ ቆሞ የወንድምዎን አንገት ሊይዝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከበሩ ፈቀቅ አላልኩም ይላል።»

አቶ ቀጸላ ከዘራቸውን ፈለጉ፤ ከወንበራቸው አጠገብ ትተውት ነበር የተነሡት። እጃቸው ባዶውን ቀረ።

«ምን ሊያዝዟቸው ነበር የመጡት?» አለች ወይንሸት ዝግ ብላ። «ወንድምዎ ቃልዎን ጥሰው አያውቁም ብለውኛል። ያን ቀን ጣሱ?»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ በቀስ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ውሻውን ከቤት አውጣ፣ ልጅቷንም ወደ ትምህርቷ መልስ አልኩት። "አይሆንም" አለኝ። በዕድሜው አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም። "ልጄ የወደደችውን ትማር" አለኝ። ደሜ ፈላ። አንገቱን ይዤ ነቀነቅኩት፤ ከእጄ አፈተለከ። ልገድለው አልነበረም፤ የእናቴ ልጅ እኮ ነው!»

«አምናለሁ፤» አለች ወይንሸት። ድምፅዋ ግን አልለሰለሰም። «ነቅናቂው ቁጣ ነበር፤ ቁጣ ያሳውራል። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ያደረጉት ግን ዓይንዎ በርቶ ነው። ይህች ልጅ አባቴን ገደልኩ እያለች ስትነድ ያያሉ። ያልታዘዘ ልጅ አባት ያስቀብራል ብለው ጨመሩባት። ወረቀቱንም ራስዎ አመጡላት። ይህን የትኛው ቁጣ አስደረገዎ?»

አበዛሽ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ታለቅሳለች፤ የፖሊሱ መርማሪ አስተርጓሚውን አድምጦ ከበሩ ወደ ሽማግሌው ተራመደ።

«ልጄ፤» አሉ ሽማግሌው ወደ ሶልያና ቀና ብለው፣ «ይቅር በይኝ።»

ሶልያና አላለቀሰችም። የውሻውን ማሰሪያ ለቀቀችና መጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ስለ ይቅርታ አሁን አይጠይቁኝ፤ ጋሼ። አባቢ ምን እንዳለ ይድገሙልኝ።»

«ምኑን?»

«እኔ ጮኼበት ከወጣሁ በኋላ፣ ስለ እኔ ያለውን። በራሱ ቃል ይንገሩኝ።»

አቶ ቀጸላ፣ ለታናሽ ታዘው የማያውቁት ሰው፣ ፖሊሱ ክንዳቸውን ይዞ እያነሣቸው ደገሙላት።

«"ልጄ የወደደችውን ትማር" አለኝ። "ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች" አለኝ።»