አፍህን ክፈት

ነስረዲን አፉን ከዘጋብኝ ሰነባብቷል። ሰቆጣ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው። ድሮ በደጁ ሳልፍ፣ «ሙና፣ ሳትስቂ አታልፊም!» እያለ ያስቀኝ ነበር። ከረመዳን በኋላ ሽማግሌ እልካለሁም ብሎኝ ነበር። ከዚያ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ሲያየኝ ጨርቅ የሚያጣጥፍ መስሎ ያቀረቅራል። ሌላ አግኝቷል ማለት ነው አልኩ። እኔም ኮራሁና መንገዴን ቀየርኩ።

አንድ ጠዋት ግን የምሠራበት ላቦራቶሪ ድረስ መጣ። ዶክተር ምህረት ከአፉ ናሙና እንድወስድለት ልካው ነው።

«ዛሬ የለችም ብለውኝ ነበር» አለ ደንግጦ።

«አለሁ። ተቀመጥ። አፍህን ክፈት።»

በግራ ጉንጩ ውስጥ ነጭ ነገር ወጥቶበታል፤ ዙሪያው ቀልቷል። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

«አባቴን የገደለውም እዚሁ ቦታ ላይ የወጣ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ካንሰር ነው አሉን። ገና ሳላገባሽ መበለት ላድርግሽ?»

«ታዲያ ይሄን መናገር ያቅታል? እኔ እኮ በሐሳቤ ስንት ሴት ድሬልሃለሁ!»

ሊስቅ ብሎ አፉን በእጁ ሸፈነ። ወይኔ፣ ለካ ያንን ሁሉ ጊዜ ሲሸሽ የኖረው ይህንን ሊደብቀኝ ኖሯል!

ጉንጩን በስስ እንጨት ፋቅ ፋቅ አድርጌ የወጣውን በማይክሮስኮፕ በሚታይበት ትንሽ መስታወት ላይ ቀባሁት። ከዚያ የራሴንም ጉንጭ ፋቅሁ።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ?»

«ጤነኛው ምን እንደሚመስል እንድታይ ነው።»

ሁለቱንም ቀለም አስነክሬ፣ መጀመሪያ የኔን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረግሁለት። ጎንበስ ብሎ አየ። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም።

«ቁርጥራጭ ሐር ይመስላል» አለ። «እያንዳንዱ መሀሉ ላይ ነጥብ አለው። ሙና፣ ይሄ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሱብሃነላህ! ይሄ ሁሉ ጉንጭሽ ውስጥ ነበር?»

ቀጥሎ የእሱን አየሁ። የስንቱን ሰው ህዋስ አይቻለሁ፤ የምወደውን ሰው ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ሰው፣ ሳቁም ዝምታውም፣ ከእነዚህ ዓይን ከማያያቸው ነገሮች መሠራቱ ገረመኝ። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ያበጠ፣ ቅርጹ የተበላሸ የለም። በመካከላቸው ግን ቀጫጭን ክሮች ተጠላልፈዋል። የራሴን ዓይን አላመንኩም፤ ሮጬ ዶክተር ምህረትን ጠራኋት።

«ፈንገስ ነው» አለች አይታ። «መድኃኒቱን በደንብ ውሰድ። ካልጠፋ ግን ከሥጋው ቆርጠን ለምርመራ እንልካለን፤ ገና አልጨረስንም።»

መድኃኒቱን እስኪጨርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። በየሶላቱ ያው አንድ ዱዓ ብቻ ነበር። በቀጠሮው ቀን መጣ። ዶክተሯ ካየችው በኋላ ልቤ አላርፍ ቢለኝ እኔም ልየው አልኩ።

«አፍህን ክፈት።»

ከፈተ። ጉንጩ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል። እንባዬ መጣ።

«አልሐምዱሊላህ! በቃ፣ ዝጋው።»

«አልዘጋም» አለ። «ዘግቼው የሆንኩትን አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ጁምዓ ይመጣሉ። አሁን አንቺ አፍሽን ክፈቺ፤ ምን ትያለሽ?»

ስከፍተው ሳቅ ቀደመኝ።