የጥንቸል ጆሮ በሳሙና

«ውሃ እንዳትሰጠው። ሰኞ ዕለት ጠጥቷል፤ ለሁለት ሳምንት ይበቃዋል።»

ገሜዳ ይህን ያለው ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የአበባ ጣሳውን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር። ኤልያብ ተቀብሎ ቶሎ ፌስታል ውስጥ ከተተው። ከዚህ ፋራ ጋር መታየቱ አንሶ ደግሞ ተክል ተሸክሞ!

«ቅጠሉንም አትንካው» አለ ገሜዳ። «ፀጉሩ ውሃ ይይዝና ይበሰብሳል።»

«ሰማሁ ባክህ! ሕፃን ልጅ አደረግከው እኮ።»

የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ አስተማሪ፣ ቲቸር ይመር፣ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ ተክል እንዲያሳድጉ ካዘዙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ተክሉን በየሳምንቱ ዓርብ ይቀያየራሉ፤ ያዩትን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ከሃያ ይታረማል። ለኤልያብ የደረሰው ገሜዳ ነው፤ ከአስኮ የሚመላለስ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ልጅ። ተክሉን ያመጣውም እሱ ነው። አባቱ በጥበቃ ከሚሠሩበት ግቢ አንዲት ቅጠል ለምነው፣ አፈር ላይ አስቀምጠው ያበቀሉት ነው። ወፍራም ቅጠሎቹ ነጭ ፀጉር ስለለበሱ ገሜዳ «የጥንቸል ጆሮ» ይለዋል። ደብተሩ ላይ ደግሞ እንዲህ እያለ ይጽፋል፦ «ማክሰኞ። ውሃ አልጠጣም። ረቡዕ። አልጠጣም። ሐሙስ። የአንዱ ቅጠል ጫፍ ቡናማ ሆኗል።» ኤልያብ ይህን ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አንብቦ ሙድ ሲይዝበት ገሜዳ አብሮ ፈገግ አለ። ኤልያብ ያን ጊዜ ይበልጥ ናቀው። የራሱ ሳምንታት ደብተሩ ላይ ባዶ ናቸው።

ቅዳሜ ቤቴል ያለው የኤልያብ ቤት ከጣራ እስከ ወለል ይጸዳል፤ ከሰዓት በኋላ የጸሎት ኅብረቱ ሰዎች ይመጣሉ። የኤልያብ ሥራ ቡፌው ላይ የተደረደሩትን የፕላስቲክ አበቦች ሳፋ ውስጥ በሳሙና ማጠብ ነው። ይህን ሥራ ከልቡ ይጠላዋል።

«ያ ደግሞ ምንድን ነው አቧራ የጠጣው?» አለች እናቱ መስኮቱ ላይ ያለውን ጣሳ እያየች። «እንግዳ ፊት እንዲህ ሆኖ ይቀመጣል?»

ገሜዳ ያለው ትዝ አለው። ገሜዳ ስላለው ብቻም ምክሩን ናቀው። ተክሉን ዘቅዝቆ አረፋው ውስጥ ነከረና ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በስፖንጅ ፈተጋቸው። ነጩ ፀጉር ተላጠ፤ ከሥሩ አረንጓዴው ብቅ ብሎ አበራ። እንዲህ ነው እንጂ! አሁን ተክል መሰለ።

ሐሙስ ዕለት ቅጠሎቹ ውሃ እንደነካው ዳቦ ልፍስፍስ አሉ። ዓርብ ኤልያብ ፌስታሉን ጥብቅ አድርጎ ቋጥሮ አስረከበ።

«ደህና ነው?» አለ ገሜዳ።

«አሪፍ ነው።»

ሰኞ ቲቸር ይመር ተክሎቹን እየዞሩ ሲያዩ የገሜዳ ጣሳ ውስጥ የቀረው ጥቁር ግንድ ብቻ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ማን ጋ እያለ ነው የሞተው?» አሉ።

«እኔ ጋ ነበር» አለ ገሜዳ።

«ኤልያብ፣ አንተ ስታስረክበው ደህና ነበር?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ገሜዳ፣ ውሃ አብዝተህበት ነዋ! በል ደብተራችሁን ከምሳ በፊት አምጡልኝ፤ ማርካችሁን ለየብቻ ነው የምሞላው።»

ገሜዳ የጋራ ደብተራቸውን ዴስኩ ላይ አስቀምጦ ጣሳውን አነሳ። ኤልያብ ታዘበው። መከራከር እንኳ አይችልም!

በእረፍት ሰዓት ገሜዳን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘው። ወረቀት ላይ አንዲት ቅጠል አስቀምጧል።

«አይዞህ ባክህ፣ ተክል ነው» አለ ኤልያብ።

«ይቺ ተርፋለች። የተቆረጠችበት ሦስት ቀን ይድረቅና አፈር ላይ አስቀምጣታለሁ።» ገሜዳ ወረቀቱን አነሳና ወደ ኤልያብ አፍንጫ አስጠጋው። «አሽትታት።»

ሳሙና ሳሙና ትላለች።

ኤልያብ ጆሮው ጋለ። «ካወቅክ ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? አንተ እንደሆንክ ታውቀዋለህ።»

ገሜዳ ሳይቆጣ፣ ሳይቸኩል፣ ከእግሩ እስከ ራሱ አየው፤ ከዚያ ወደ ቅጠሉ ተመለሰ። ኤልያብ ይህን አስተያየት በደንብ ያውቀዋል። ሁለት ወር ሙሉ ገሜዳን ያየው እንደዚህ ነበር። ገሜዳ ይንቀዋል። ይህ ፋራ፣ ይህ ዘገምተኛ፣ እሱን ይንቀዋል! ከሁሉ የባሰው ደግሞ ልክ መሆኑ ነው።

ክፍል ውስጥ ማንም አልነበረም። ኤልያብ ደብተሩን ገልጦ ከገሜዳ ቁጥብ መስመሮች ሥር የራሱን ባዶ ቦታ አገኘ። ብዙ ቆይቶ ጻፈ፦

«ቅዳሜ። እንዳልነካው ተነግሮኝ ነበር። በሳሙና አጠብኩት። ሐሙስ። በሰበሰ። ዓርብ። አሪፍ ነው ብዬ ሰጠሁት። ሰኞ። ለቲቸርም ዋሸሁ። ኤልያብ።»

የመምህራን ክፍል ሲደርስ ቲቸር ይመር የምሳ ዕቃቸውን እየከፈቱ ነበር።

«እዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው» አሉት ቀና ሳይሉ።

«እስኪያነቡት ልጠብቅ፣ ቲቸር» አለና ደብተሩን ገልጦ ፊታቸው አደረገው።