የሰኞ ደረት

ወጣቱ ተመራማሪ ክፍሉ ሞቶ የተገኘው ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከውሃ ማማው ሥር፣ የጥጥ ብናኝ ባነጣው መሬት ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከላይ፣ ሰማንያ አራቱ የብረት ደረጃዎች በሚያበቁበት ቦታ፣ ሁልጊዜ በራሱ ላይ ተሸክሞ የሚያወጣት በርጩማ ብቻዋን ቆማለች።

ጊዜው ግንቦት 1972 ነው። በድሬ ዳዋ ዳር በነበረች፣ ዛሬ ግድግዳዋ እንኳ በማይታይ አንዲት የጥጥ መዳመጫ ውስጥ ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች ይሠሩ ነበር፤ ክፍሉ፣ ሣህሉና ዘነበች። የሚያጠኑት ብናኙ የሠራተኛውን ሳንባ ምን እንዳደረገው ነው። ሠራተኛውን የማማውን ደረጃ ያስወጡታል፤ ስንተኛው ላይ እንደቆመ ይቆጥራሉ፤ ትንፋሹንና የልቡን ትርታ ይለካሉ።

መቶ አለቃ ዘገዬ ሲደርስ ጥፋተኛው «ተገኝቶ» ጠበቀው። ዘገዬ ፖሊስ ከመሆኑ በፊት በባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ቲኬት የሌለው ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቃል።

«ብዙ አያደክምህም፣» አለው የመዳመጫው ካድሬ ጓድ ወልደጻድቅ። «ገዳዩ ዋሪስ ነው። ቅዳሜ ዕለት ክፍሉን ‹ያንን ወረቀት ብታስተላልፍ አለቅህም› ሲለው ሃያ ሰው ሰምቷል። ዛሬ ሬሳው አጠገብ የተገኘውም እሱ ነው። አሥር ሰዓት ላይ መኪና ይወስደዋል።»

በዚያ ዘመን በዚያ መኪና ከሄደ ሰው ልብሱ እንጂ እሱ አይመለስም ነበር።

ዋሪስ ዕቃ ቤት ውስጥ እጁን ታስሮ ጆንያ ላይ ተቀምጧል።

«ለምን ዛትክበት?»

«አቦ፣ አንተ ብትሆንስ?» ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ ዘገዬም አልጠበቀም። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብናኝ በላሁ። ‹ሳንባው አልቋል› ብሎ ከጻፈ ያባርሩኛል። ስድስት ልጅ አለኝ። ተናደድኩ፣ ተሳደብኩ። ወላሂ ግን...» ትንፋሽ አጠረውና ቆየ። «ግን ጥሩ ልጅ ነበር።»

«ዛሬ ማማው ላይ ወጥተሃል?»

ዋሪስ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «በሰኞ ቀን? እኔ በሰኞ ማማ ላይ ከወጣሁ አንተም ግመል ትወልዳለህ።»

ዘበኛው ገዲ፣ ጠዋት የሆነውን ሲጠየቅ፣ ከግቢው በር ሳይርቅ መለሰ። «የአራት ሰዓቱ የዕረፍት ሳይረን አንድ ደቂቃ ይጮኻል። ልጁ የወደቀው በዚያ መሐል ነው፤ ምንም አልሰማሁም። ሳይረኑ እንዳበቃ ግን ዋሪስ ‹ገዲ ሩጥ፣ ክፍሉ ወድቋል፣ መኪና ጥራ!› ብሎ ጮኸ። የዕለቱ የመጀመሪያ ተመርማሪ ስለሆነ ከመዳመጫው ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር።»

«እያለከለከ ነው የጮኸው?»

«የለም፣ ደህና አድርጎ። ካለከለከማ ቃል አይወጣውም።»

«ሣህሉና ዘነበች ላሉበት ክሊኒክ መቼ ነገርክ?»

«አስቀድሜ ወደ ስልኩ ሮጥኩ። መስመሩ እምቢ አለኝ። ክሊኒክ ስደርስ አራት ከሩብ ሆኗል። ክሊኒኩ ከማማው ወዲያ ነው፤ ደረጃው በእነሱ በኩል፣ ሬሳው በእኔ በኩል።»

ዘገዬ ማማው ላይ ወጣ። ሲወርድ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሲጋራ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው።

ክሊኒኩ ውስጥ ዘነበች ዓይኗ አብጧል። ዘገዬ ከሟቹ ኪስ ያገኘውን ትንሽ ደብተር ዘረጋላት። «ዋሪስ፦ ሐሙስ 41፣ ሰኞ 23» ይላል።

«ለምን ሁለት ቁጥር?»

«እሁድ ሲያርፉ ደረታቸው ይከፈታል። ሰኞ ብናኙ ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት ሲቆዩ ጥርቅም ይላል። ሠራተኞቹ ‹የሰኞ ደረት› ይሉታል። ክፍሉ ከእነሱ አፍ ሰምቶ ነው መቁጠር የጀመረው።»

«ይህስ?» ሣህሉ በታይፕ ጽፎ የፈረመበት ሪፖርት ነው። «ዋሪስ፦ ሐሙስ 84፣ ሰኞ 84»።

ዘነበች ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እንዲህ ብለን አልለካንም፣» አለች ቀስ ብላ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ትልቁን መዝገብ ገለጠ። «እዚህ ደግሞ የራሳችሁ ስም አለ።»

«ሠራተኛ ከመጥራታችን በፊት እርስ በርስ እንለካካለን፣ መቶ አለቃ። መሣሪያው ቢሳሳት በእኛ ይታወቃል። ዛሬም ከአራት ሰዓት በኋላ እንደገባሁ ሣህሉን ለካሁት፤ ክፍሉን ግን እስኪወርድ ብዬ...»

የሣህሉ የልብ ትርታ ለሳምንታት ተደርድሯል፤ 64፣ 62፣ 66፣ 64። የዛሬው አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ተጽፏል፤ 126። ከክፍሉ ስም ፊት ለፊት ምንም የለም። ዘገዬ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ ቆየና መዝገቡን ዘጋ።

ሣህሉ ረጅም፣ ደረቱ ሰፊ፣ የዩኒቨርሲቲ ኳስ ተጫዋች የነበረ ነው።

«ከሦስት ተኩል ጀምሮ እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ጓድ መቶ አለቃ። ማማው ላይ አልወጣሁም።»

«ዋሪስ ሊወጣ ይችላል?»

«በደንብ! ሪፖርቱን ይዩት። ጤነኛ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ከማማው ሥር ተሰበሰቡ። ዘገዬ የዋሪስን እጅ አስፈታ።

«ውጣ።»

ዋሪስ ደረጃውን ጀመረ። ገዲ በሶማሊኛ ይቆጥራል። አሥራ አምስት ላይ የብረት ድጋፉን በሁለት እጁ ያዘ። ሃያ ሦስት ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ያስመስላል!» አለ ወልደጻድቅ።

«ደረት ያስመስል ይሆናል። ልብ ግን አያስመስልም። ዘነበች፣ ያዢለት።»

ወጥታ የእጁን አንጓ ያዘች። «መቶ ሠላሳ ስምንት።»

«ሟቹ የጻፈውም ሃያ ሦስት ነው፤ እንግዲህ እውነተኛው ደብተር የእሱ ነው። ይህ ሰው ሰማንያ አራት ደረጃ ወጥቶ፣ ጎረምሳ ገፍትሮ፣ በአንዲት ሳይረን ወርዶና ማማውን ዞሮ፣ ሳያለከልክ ገዲን ሊጣራ አይችልም። ይችላል የሚለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። የፈረመው ሣህሉ ነው።»

«ክፍሉ የነገረኝን ነው የጻፍኩት!»

«ይሁን። የልብህ ትርታ ሁልጊዜ ስድሳ ምናምን ነው። ዛሬ መቶ ሃያ ስድስት የሆነው ለምንድን ነው?»

«ጓደኛዬ ሞቶ ልቤ እንዴት አይመታ!» አለ ሣህሉ። «ስሰማ ደነገጥኩ፤ ሰው አይደለሁም?»

«የሰማኸው መቼ ነው?»

«ገዲ ሲነግረን።»

«ገዲ የነገራችሁ አራት ከሩብ ላይ ነው። ዘነበች የለካችህ አራት ከአምስት ላይ ነው። ለሞቱ የደነገጥከው ማንም ሞቱን ሳይነግርህ አሥር ደቂቃ ቀድመህ ነው።»

ዘገዬ ወደ ሣህሉ ቀረበ።

«ስፖርተኛ ስለሆንክ ትንፋሽህን ቶሎ ሰበሰብክ። ዘነበች ‹እጅህን› ስትል ግን እንደ ሁልጊዜው በልማድ ዘረጋህላት።»

ሣህሉ ዘነበችን አየ። ፊቷን አዞረች።

«ሰኞን ብቻ እናውጣ አልኩት፣» አለ በመጨረሻ። «ሪፖርቱ ንጹሕ ከሆነ ውጭ አገር ለትምህርት እንደምላክ ተነግሮኝ ነበር። ለመንኩት። እሱ ግን ‹ሰኞን ካወጣን እኮ ሰዎቹን አወጣናቸው› አለኝ። እምቢ ሲለኝ ሁሉንም ሰማንያ አራት ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ደብተሩን ልቀማው ታገልኩ... ሳይረኑ ይጮህ ነበር።»

ወልደጻድቅ ወደ ማንም ሳያይ ኮፍያውን አስተካከለ። አሥር ሰዓት ላይ መኪናው መጣ፤ ዘገዬ ባዶውን መለሰው፤ ሣህሉንም ይዞ ወደ ጣቢያው በእግሩ ሄደ።

ዋሪስ እስካሁን ሃያ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ዘነበች የክፍሉን በርጩማ አውርዳ ስታልፍ አጠገቡ ቆመች።

«ሐሙስ ትመጣለህ?»

«ክፍሉ የለ፣ ማን ይቆጥራል?»

«እኔ።»

ዋሪስ ትንፋሹን እስኪያገኝ ጠበቀች።

«ጻፊ እንግዲህ፣ ዘነቡ፣» አላት። «ቢያባርሩኝም ጻፊ። ሐሙስ አርባ አንድ እሞላለሁ።»